የጥንቅሽ በላቸው የባንክ ደብተር

አባዬ በሞተ በዓመቱ፣ ወንድሜ ሙባረክና እኔ ቡራዩ ያለውን ሱቁን ለተከራይ ለማስረከብ መደርደሪያ ስናራግፍ፣ ከሚዛኑ ጀርባ አንድ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። ክዳኑን ስከፍተው የልብስ ሳሙና፣ የቅርንፉድና የላምባ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ወጣ፤ የአባዬ የእጁ ሽታ ይኸው ነበር፣ ልጅ ሆኜ ጠዋት ሲቀሰቅሰኝ ዓይኔን ሳልገልጥ በዚህ ሽታ ነበር የማውቀው። ቆርቆሮው ውስጥ የግብር ደረሰኞች፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ የታሰረ የባንክ ደብተር ነበር። ሙባረክ ላስቲኩን ፈትቶ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበና የስኳር ኩንታል ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ገንዘብሽን ማን በላው ስንል ኖርን፤ ይኸው ስሙ ተጽፏል፣ በላቸው» አለ። እውነቱን ነው፤ ደብተሩ ላይ በጥቁር ቀለም፣ በተጣራ የእጅ ጽሑፍ «ጥንቅሽ በላቸው» ተብሎ ተጽፏል።

ለማያውቅ ላስረዳ። ጥንቅሽ በላቸው የምትባል ሰው በዚህ ምድር ተወልዳ አታውቅም። አገሩ ሁሉ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ በሚያይበት ዘመን፣ እሑድ ከሰዓት ይተላለፍ በነበረ የቤተሰብ ድራማ ውስጥ የልብስ ሰፊው የአቶ በላቸው ምላሰኛ ልጅ ነበረች፤ ከሰባት ዓመቴ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ እሷን ሆኜ የተጫወትኩት እኔ፣ ራህማ ሸምሱ ነኝ። ሙባረክ ሲስቅ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የልጅነት ድካሜን የበላው አባዬ ነው ብዬ አሥራ ስድስት ዓመት አኩርፌዋለሁ፤ እንዳኮረፍኩም ሞተብኝ።

ነገሩ የተጀመረው በለስላሳ ጠርሙስ ነው። የድራማው ሰዎች አንድ ቅዳሜ የገጠር ሠርግ ሊቀርጹ ቡራዩ መጥተው ከሱቃችን ሁለት ሣጥን ለስላሳ ወሰዱ። በዚያን ጊዜ ከመጠጡ ይልቅ ውዱ ጠርሙሱ ነበርና፣ ጠርሙስ ያልመለሰ ሰው ከአባዬ ጋር ሰላምታ ስለማይኖረው፣ እኔን ከሣጥኑ ጋር ዘብ አድርጎ ላከኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ ወልቀው «ሰ» ማለት አቅቶኝ ሁሉንም «ሸ» የምልበት ወቅት ነበር። ሰዎቹ ጠጥተው ሲጨርሱ ብቆጥር አንድ ጎደለ፤ ጎድሎም የተገኘው ኮፍያ ካደረገ ባለጢም ግዙፍ ሰውዬ እግር ሥር ነው። ወገቤን ይዤ «ጠርሙሹን መልሽ» አልኩት። እኔ መልስ ማለቴ ነበር፤ ጥርስ አጥቼ ባለጢሙን ሰውዬ በሴት አንቀጽ አዘዝኩት። ሰውዬው ዳይሬክተሩ ኖሯል፤ ሥራውን ሁሉ አስቁሞ ሦስት ጊዜ «እስቲ ድገሚው» አለኝ፣ ጠርሙሱንም እኔንም ይዞ አባዬ ዘንድ መጣ።

አባዬ እሺ ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጀበት። እማዬ ሙባረክን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች እኔን የሚያመላልስ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ለአራት ዓመት ያህል፣ ገበያ በሚደራበት በቅዳሜ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ሙባረክን ጎረቤታችን ኦቦ ለሚ ቤት ጥሎ፣ ከቡራዩ በአውቶቡስ መርካቶ፣ ከመርካቶ ደግሞ በውይይት ታክሲ እየተጋፋን ወደ ቀረጻው ይወስደኝ ነበር። የቀረጻው ቤት ከውጭ መጋዘን፣ ከውስጥ የአቶ በላቸው ሳሎን ነው፤ ግድግዳው ጣውላ፣ መስኮቱ ሥዕል፣ የስፌት መኪናው መርፌ የለው፣ መብራቱ ደግሞ የፊቴን ቅባት እስኪያቀልጠው ያቃጥላል። አባዬ ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጥቶት፣ መቁጠሪያውን በጣቶቹ እያሳለፈ፣ ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ ይላል። ሁሉንም ነገር ቻለው፤ ስጮህም፣ ሳለቅስም፣ በውሸት በጥፊ ስመታም ቻለው። ያልቻለው አንድ ቃል ነበር። በላቸውን የሚጫወተውን ሰውዬ «አባዬ» ስለው፣ አባዬ አንገቱን ይደፋል።

አንድ ቀን ዕረፍት ላይ ዳይሬክተሩን ጠጋ ብሎ፣ በትሕትና፣ «ልጂቱ ‘ጋሼ’ ብትለው ምን ይለዋል?» ብሎ ጠየቀው። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ፣ መብራት የያዘው ልጅ ሳይቀር፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ የገዛ አባቷን ጋሼ የምትል ልጅ ማን አይቶ ያውቃል። አባዬም አብሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ የቀልድ በሚመስል ድምፅ፣ «ቤት ስትገቢ አፍሽን ተጉመጥመጪ» አለኝ። እኔም እንደ ቀልድ ወስጄው ተጉመጠመጥኩ።

ለአንድ ክፍል የሚከፈለኝ ስልሳ ብር ነበር። ያን ጊዜ ስልሳ ብር ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን አባዬን እንቅልፍ የነሣው መጠኑ ሳይሆን ዓይነቱ ነበርና መስጊድ ሄዶ ሼኹን ጠየቃቸው። ይህን ታሪክ ራሱ ለደንበኞቹ ስኳር እየመዘነ ሲያወራ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ልጄ በውሸት ቤት፣ በውሸት አባት፣ በውሸት አልቅሳ የምታመጣው ብር ሐላል ነው ወይ?» ሲላቸው፣ ሼኹ «የደከመው ማነው?» አሉት። «ልጂቱ።» «እንግዲያው የልጂቱ ነው፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?» ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ መልስ ተጽናንቶ ገንዘቡን መሳቢያው ውስጥ ይጨምር ነበር። አባዬ ግን ቃል በቃል ወሰደው፤ የልጂቱ ከሆነ ከሱቁ ብር ጋር አንዲት ሳንቲም መቀላቀል የለበትም አለ።

የመጀመሪያውን ቼክ የጻፈው የድራማው ገንዘብ ያዥ ስሜን ጠይቆ አያውቅም፤ ሁሉም የሚጠራኝ ጥንቅሽ ብሎ ስለነበር «ለጥንቅሽ በላቸው» ብሎ ጻፈው። አባዬ ቼኩን ይዞ ተመልሶ ማሳረም ይችል ነበር። አላደረገውም። ደብተሩን አግኝቼ ዘንድሮ ሳሰላስለው፣ በስሕተቱ ደስ ሳይለው አልቀረም እላለሁ፤ የውሸቱን ድካም የደከመችው ጥንቅሽ ናት፣ ገንዘቡም በጥንቅሽ ስም ይቀመጥ፣ የራህማ ስም ንጹሕ ይሁን ብሎ ይሆናል። እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው የባንኩን ባንኮኒ ብቻ ነው፤ እላዩ ላይ አስቀምጠውኝ፣ ጸሐፊዋ «እውነትም ፍንጭቷ» ብላ ከረሜላ ሰጠችኝ። ለልጅ ደብተር የሚፈለገው የአሳዳጊ መታወቂያ ብቻ ነበርና በደስታ ከፈተችለት። ወለድ ስትለው «ወለድ አይታሰብበት» አለ።

ዝናዬን ማሳነስ አልፈልግም። እሑድ ከሰዓት ሱቃችን ከሳሙናው መደርደሪያ በላይ በተሰቀለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ምክንያት የዕድር ቤት ይመስላል፤ ክብሪት ሊገዛ የመጣ ሁሉ ሰዓት ሙሉ ቆሞ እኔን ሁለት ጊዜ ያያል፣ አንዴ በስክሪኑ፣ አንዴ በባንኮኒው ኋላ። አስተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሳልሠራ ስመጣ እንደ ጥንቅሽ ካወራሁ ይምሩኛል። በዚህ ዓይነት ማባዛት ሳልችል አምስተኛ ክፍል ደረስኩ።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ጥርሴም ሞላ፣ ቁመቴም የበላቸው ትከሻ ላይ ደረሰ። ክረምት ሲገባ «ስንፈልግሽ እንጠራሻለን» አሉን፤ በድራማው ውስጥ ጥንቅሽ አክስቷ ዘንድ ክረምቱን ልታሳልፍ ሄደች ተባለ። መስከረም ላይ አንድ እሑድ፣ ሱቁ እንደ ልማዱ ሞልቶ፣ የበላቸው በር ተንኳኳና ጥንቅሽ ከአክስቷ ቤት ተመለሰች። ቢጫ ቀሚሴን ለብሳለች። ሁለት የፊት ጥርስ የላትም። እኔ ግን አይደለሁም። በላቸው አቅፎ ሳማት፣ እሷም «አባዬ» አለችው፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ለእኛ አንድም ሰው አልነገረንም። አባዬ ዘይት የሚቀዳበትን ጣሳ አስቀምጦ ተነሣና ቴሌቪዥኑን አጠፋው፤ ደንበኛ እያጉረመረመ ወጣ። ጥንቅሽ የሚሉትን አገዳ ሰው ጣፋጩን መጥጦ ምጣጩን ይተፋዋል፤ ስሙን ያወጣልኝ ሰው ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን አላውቅም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። አዲስ አበባ ትወና የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት አግኝቼ፣ ገንዘቤን እንዲሰጠኝ አባዬን ጠየቅሁት። «እሺ፣ ትንሽ ታገሺ» አለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ለሙባረክ እየተወ የሆነ ቦታ ይሄዳል፣ አመድ መስሎ ይመለሳል። በሳምንቱ «ገንዘቡ አይወጣም» ብሎኝ ወደ ሚዛኑ ዞረ። አይወጣም ማለት ምን ማለት ነው? በዚያው ዓመት ሱቁን አስፍቶ ሁለተኛ በር አውጥቶለት ነበርና እኔ በልቤ ሒሳቡን ዘጋሁት። ደንበኛ ፊት፣ ባንኮኒውን ይዤ፣ «ሐላል ነው ወይ ስትል ከርመህ፣ ራስህ በላኸው» አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩትና ልብሴን በፌስታል አድርጌ ሰበታ ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ቡራዩ የምሄደው በዒድ ነው፤ ሳህን ላይ እያየሁ በልቼ እመለሳለሁ።

የቀረው የተዋናይነት ሕይወቴ ብዙ ወረቀት አይፈጅም። ለፈተና በሄድኩበት ሁሉ «ፊትሽ ይታወቃል» ይሉኛል፤ ሰው ሊያየው የሚፈልገው ያንን ክፍተት ነው፣ በጥርስሽ ማን ያምንሻል እንደ ማለት። በዓል ሲመጣ «የት ናቸው» በሚል ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ጋብዘውኛል፤ የከፈሉኝ አበባና የምስክር ወረቀት ነው። ዛሬ ሰበታ በሚገኝ የሴራሚክ መሸጫ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ፉሪ ላይ ታክሲ ስጠብቅ አሁንም የሚያውቀኝ አይጠፋም፤ «በታክሲ ትሄጃለሽ እንዴ?» ይለኛል፣ ገንዘቤን እሱ ዘንድ ያስቀመጥኩ ይመስል። አከራዬ እንኳ ማንነቴን ባወቀች በሳምንቱ «አንቺማ አያቅትሽም» ብላ ኪራይ ጨመረችብኝ። ዘመኔን ሙሉ ባልበላሁት ሀብት ዕዳ ስከፍል ኖሬአለሁ፤ ይህ ያናድደኛል፣ አልደብቅም።

ደብተሩን ይዤ ባንክ ስሄድ ብሩ ሙሉ በሙሉ አለ። አንድም ጊዜ አልተነካም። ለማውጣት ግን የጥንቅሽ በላቸው መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ያ ከሌለ ራህማ ሸምሱና ጥንቅሽ በላቸው አንድ ሰው መሆናቸውን በሦስት ምስክር አስረድቶ የፍርድ ቤት ውሳኔ ማምጣት ነው። አገር ሁሉ መንገድ ላይ ጥንቅሽ እያለ የሚጠራኝ፣ ጥንቅሽ መሆኔን ለማስመስከር ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ሙባረክ አንድ፣ ኦቦ ለሚ ሁለት። ሦስተኛው የድራማውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል ተባልኩ። ዳይሬክተሩ ሞቷል፣ በላቸውም ሞቷል፤ የቀረችው ጥርሴንና ቀሚሴን የወሰደችብኝ ሁለተኛዋ ጥንቅሽ፣ ሰናይት ነበረች።

ሰናይት ሱሉልታ ነው የምትኖረው፤ ለልምምድ ለሚመጡ ሯጮች ያገለገለ ጫማ ትሸጣለች። ሃያ አራት ዓመት በሆዴ ስረግማት ኖሬ ፊት ለፊት ስንገናኝ፣ ብርዱን ለመከላከል ሁለት ሹራብ ደርባ ጫማ በብሩሽ የምትፈገፍግ የደከማት ሴት ሆና አገኘኋት። ገና የመጣሁበትን ሳልነግራት ቀና ብላ አየችኝና «የድሮዋ» አለችኝ።

«ምን?»

«ሰው የሚለኝን ነው። እስከ ዛሬ፣ ‘የድሮዋ ጥንቅሽ ትሻል ነበር’ ይሉኛል። ስንት ዓመት ረገምኩሽ መሰለሽ።»

ተያይተን ሳቅን፤ ሳቁ ብዙ አልቆየም። የእሷን ገንዘብ ጠየቅኋት። እናቷ ቅዳሜ ተቀብላ ረቡዕ ሳይደርስ በዳቦና በኪራይ እንደሚያልቅ ነገረችኝ፤ ደብተር የሚባል ነገር አላየችም። ጫማውን አገላብጣ ሶሉን እየተመለከተች «የሚደብቅልሽ አባት ነበረሽ፣ አንቺ ምን ሆንሽ» አለችኝ። ለምስክርነት ግን እሺ አለች።

የቀጠሮው ቀን፣ የቡራዩ ፍርድ ቤት በረንዳ ላይ ባለው አግዳሚ ተራ ስንጠብቅ፣ ኦቦ ለሚ ከጎኔ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ነበር። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ከአባዬ ጋር አርባ ዓመት ጎረቤት ነበሩ። በአካባቢው ያለውን ሰው ሁሉ «አካም ጂርታ» እያሉ ሰላም ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አባትሽ ከዚህ ቀደም እዚሁ አግዳሚ ላይ አስቀምጦኝ ያውቃል» አሉኝ።

«መቼ?»

«አንቺ አሥራ ሁለተኛ የጨረስሽ ጊዜ ነዋ። ገንዘብሽን ሊያወጣልሽ ባንክ ሄዶ፣ አሥራ ስምንት ሞልቷታል፣ የጥንቅሽን መታወቂያ ይዛ ራሷ ትምጣ አሉት። ምስክር ሁነኝ ብሎ እዚህ አመጣኝ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ምን አለችው መሰለሽ፣ ልጂቱ ቀርባ ጥንቅሽ በላቸው እኔ ነኝ ብላ በአፏ ታረጋግጥ። እሱ ምን አለ፣ ‘በቀረጻ ስትለው አንገቴን ደፍቼ የሰማሁት ይበቃኛል፣ ዳኛ ፊት አቁሜ የሌላ ሰው ልጅ ነኝ አላስብላትም።’ ተነሥቶ ሄደ። እኔም ተከተልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም፣ ኦቦ ለሚ? ለምን እርስዎስ አልነገሩኝም?»

«እኔን አስምሎኛል። ራሱ ሊነግርሽ ነበር። ቃሉን እያዘጋጀ ነበር።» ከዘራቸውን አየት አደረጉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ቀደምሽው።»

ተራችን ደረሰና ተጠራን። ዳኛው በኦሮምኛ ይጠይቃሉ፣ ኦቦ ለሚ በሰፊው ይመልሳሉ፣ ለሰናይት አስተርጓሚ ቆመላት። ሰናይት ጥንቅሽን ታውቂያታለሽ ወይ ስትባል፣ ራሷም አራት ዓመት በዚያ ስም የተጠራችው፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ «እሷ ናት» አለች። ከዚያ ዳኛው ወደ እኔ አዩ። አባዬ አሥራ ስድስት ዓመት ዝም ብሎ የሸሸውን ዓረፍተ ነገር፣ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። በአሥር ደቂቃ አለቀ። በአሥር ደቂቃ ለሚያልቅ ነገር ነው እንግዲህ ከአባቴ ጋር የተቆራረጥኩት።

አሁንም ተናድጄበታለሁ። ሰው ሲሞት ንዴት አብሮ ይቀበራል የሚሉ ሰዎች አባዬን አያውቁትም። ምን ነበረበት? አንድ ማታ «ልጄ፣ ሞኝ ሆኜ በማይሆን ስም አስቀመጥኩት» ቢለኝ፣ እኔ እንደሆንኩ በውሸት በላቸውን አባዬ ማለት ለምጃለሁ፣ ለዳኛ አንድ ጊዜ ብደግመው ምን እጎዳለሁ። እሱን ግን ይጎዳው ነበር፤ ይህንንም ያኔ ማየት አያቅተኝም ነበር፣ ፊቱ ላይ ነበረ፣ አላየሁትም።

ውሳኔውን ይዤ ባንክ ገባሁ። ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ብር። አባዬ የመጨረሻውን ቼክ ባስገባበት ዓመት በዚህ ብር ቡራዩ ከገበሬ መሬት ገዝቶ ቆርቆሮ ቤት ማቆም ይቻል ነበር። ትምህርቴን ስጠይቀው እንኳ የአንድ ዓመቱን ክፍያ ችሎ ለታክሲ ይተርፈው ነበር። ዛሬ ለሰበታ ክፍሌ የአንድ ወር ኪራይ ከፍሎ ለአስቤዛ ትንሽ ያስተርፋል፤ ለምስክር መመላለሻና ለጉዳይ ያወጣሁትን ከቀነስኩ ያም የለም። ዝም የተባለ ገንዘብ ይነቅዛል። ከጥርሴ፣ ከቅዳሜዎቼ፣ አባዬ ዘግቶት ከሄደው ሱቅ፣ ከአሥራ ስድስት የዒድ ምሳ የቀረኝ ይኸው ነው።

ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ ድራማው ሲያልቅ ምናልባት አልተወለደችም። ወረቀቱን ገፋ አድርጋ የሒሳብ መዝጊያው ላይ በደብተሩ ስም መፈረም እንዳለብኝ ነገረችኝ። በራሴ ስም ቢሆንስ አልኳት። ውሳኔው አብሮ ይያያዛል፣ ፊርማው ግን በሒሳቡ ስም ነው አለች። ስሙን ልጻፍና ከጎኑ የአባቴን ስም ልጨምርበት አልኳት። ጥንቅሽ በላቸው ብቻ አለችኝ፣ ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ እያየች።

ጥንቅሽ በላቸው ብዬ ፈረምኩ። ብሩን ቆጥራ ሰጠችኝና «እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ ጥንቅሽ» አለችኝ። ላርማት አልኩና ሰልፉ ገፋኝ።